ያለ ትእዛዝ ስላቃናኋቸው አምስት ድምፆች

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2001 ዓ.ም.
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም

ለክቡር አቶ ሐብተ ማርያም
የጎሕ ኪነት ማዕከል የንብረትና የሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የክብር ሰርተፊኬቴን ስለ መመለስና ጥፋቴ በራሴ ስም እንዲመዘገብልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጎንደር ብርድ በዚህ ወር አጥንት ድረስ ዘልቆ ስለሚገባ ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም በቀን ስንት ወረቀት የሚፈርመውን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን ሳልታክት ዱዓ አደርጋለሁ። የእኔን ከጠየቁ፣ ምስጋና ለአላህ ይሁንና ከእፍረት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ አዲስ ዓለም ባለችኝ አንድ በር ሱቅ ውስጥ ኪቦርድና የድምፅ ማጉያ የምጠግነው አብዱልመናን ቡሽራ ነኝ። አባቴም አያቴም በጨርቅ ንግድ ስማቸው የተጠራ ሲሆኑ፣ እኔ ግን የተዘረጋውን ሱቅ ትቼ የሰው ኪቦርድ ሆድ ዕቃ ስጎረጉር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሱቄ በር ላይ «ማንኛውንም የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያ እንጠግናለን» የሚል ተጽፏል። «እንጠግናለን» ያልኩት ብዙ ሆነን አይደለም፤ ጥፋት የመጣ ቀን ብቻዬን እንዳልሆን አስቤ ነው። አሁን እንደሚያዩት አልጠቀመኝም።

ስለ ሙያዬም ቢሆን እርስዎን ማታለል ነውር ነው። ለአንድ ሙሽራ ከውጭ አገር የተላከ፣ በመቶ አሥር ቮልት የሚሠራ አዲስ ኪቦርድ፣ እስቲ ድምፁን ልስማው ብዬ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቼ፣ ከድምፁ ቀድሞ ጭሱ የመጣብኝ ሰው ነኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «አልበራ አለ» የተባለ አምፕሊፋየር ሁለት ቀን ሙሉ ፈትቼ፣ ብሎኑን በሰሃን ደርድሬ ስተክዝ፣ ምሳ ልታደርስልኝ የመጣች እህቴ ሰሚያ ሶኬቱ ራሱ መብራት እንደሌለው አሳይታኛለች። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ቀጥሎ የምናዘዘው ነገር ከእኔ የማይጠበቅ ሆኖ እንዳይታይዎ ነው።

ባለፈው ሰኔ የማዕከልዎ ኪቦርድ፣ «ሦስት ቁልፎች ድምፅ አይሰጡም» ከሚልና ሦስት ቦታ ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤ ጋር ደረሰኝ። ስከፍተው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አጠገቡ የሚበራው ሻማ ቀልጦ ቁልፎቹ ሥር ገብቶ ረግቷል። ሰሙን ፋቅሁ፣ ጎማዎቹን በአልኮል አጠብኩ፣ ሦስቱም አፋቸውን ፈቱ። እዚያ ላይ ገጥሜ መልሼልዎት ቢሆን ኖሮ እኔም ሰው እባል ነበር፤ ግን ምን ያደርጋል፣ እጄ አያርፍም። ሁሉንም ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ስጫን፣ ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች አምስቱ ትንሽ ዘንበል ያሉ መሰለኝ። የኪቦርዱን ሜሞሪ የምታቆየው፣ የሰዓት ባትሪ የምታህለዋ ባትሪ ደክማ ይሆናል ብዬ ነቅዬ በአዲስ ተካኋት። ሳበራው አምስቱም ከፋብሪካ እንደወጡ ቀጥ ብለው ቆሙ! ከደስታዬ ብዛት በጥገና ሪፖርቱ ግርጌ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «በተጨማሪም ተጫዋቹ ያዛባቸውን አምስት ድምፆች በራሴ ተነሳሽነት አቃንቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን በቆረጠው!

አምስቱ ድምፆች ምን እንደነበሩ እርስዎ ሳይሰሙ አልቀሩም፣ ማዳመጡ ነው የቀረዎት። የማዕከሉን ኪቦርድ አሥራ አንድ ዓመት የተጫወተው ሰውአገኝ፣ ፋብሪካው የአንቺሆዬን ቅኝት እንደማያውቅ ስለሚያውቅ፣ የድብ ባሕሩን ማሲንቆ መቺ አያ ዳኛውን ደጅ ጠንቶ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ እየተመላለሰ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅና ከፍ እያደረገ ከእሳቸው ማሲንቆ ጋር ያገጣጠማቸው ናቸው። ያን ሁሉ ድካም ያስቀመጠው እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ነበር። ባትሪዋ ስትነቀል ሁለቱም ክረምቶች አብረው ተነቀሉ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ደግሞ፣ እኔ ራሴ ሰውአገኝ በተጫወተበት የጓደኛዬ ሠርግ በእነዚያው አምስት ድምፆች ላብ እስኪያጠምቀኝ እስክስታ መውረዴ ነው። በዘፈን ውስጥ ሲመጡ ትከሻዬ አውቋቸዋል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተራ በተራ ሲቆሙ ግን ሰማኋቸውና ብልሽት አልኳቸው። የጎንደር ልጅ ነኝ እያልኩ!

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ መዝገብ ቤትዎ ያለ ቁጥር ደብዳቤ እንደማይቀበል ተነግሮኛልና።

1ኛ. የርክክብ ኮሚቴዎን አመሰግናለሁ። ሰባት አባላት፣ ስልሳ አንድ ቁልፎች፣ አንድ ሙሉ ጠዋት። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስልሳ አንዱም ተጭነው ስልሳ አንዱም ድምፅ ሰጥተዋል» ተብሎ ሰፍሯል። በዚህ መለኪያ የማራኪ መስመር ሚኒባስ ጥሩንባም ቢቀርብ ያልፍ ነበር። ሰውአገኝ ግን ተጠቃሚ ወገን ስለሆነ ገለልተኛ አይደለም ተብሎ አልተጠራም።

2ኛ. «በራሴ ተነሳሽነት» የምትለዋን ቃል ወደዷት መሰለኝ፣ በሐምሌ የምስጋና በዓል ላይ በመስታወት የታሰረ የክብር ሰርተፊኬት ሸለሙኝ። ያን ቀን ክራቫት ተውሼ ነበር። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እጅ ነሳሁ፣ ሁለተኛም እጅ ነሳሁ፣ ሰሚያ እጄን ይዛ ባታወርደኝ ሦስተኛም እነሳ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ሰውአገኝም ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ። እኔ ምኑን አውቄ።

3ኛ. የእኔን አንድ መስመር ከሪፖርቱ ቆርጠው በሰውአገኝ የግል ማኅደር ውስጥ ማስረጃ አድርገው ማስገባትዎን ቆይቼ ሰማሁ። ድምፁ ጠፍቷልና በዚህ አልጫወትም ብሎ ቢያመለክት፣ ንብረት በማዛባትና ባለሙያ ያቃናውን በመቃወም ሁለት ጥፋት ተጽፎበት ከመድረክ ወርዶ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተደረገ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል፣ ኪቦርዱን አቧራ ይጠርጋል፣ መጫወት ግን ተከልክሏል። እንዲህ ያለ ቅጣት ለማሰብ ራሱ ተሰጥኦ ይጠይቃል፤ ኪነት ማዕከል መሆናችሁን ያመንኩት ያኔ ነው።

ይህንን ያወቅሁት፣ እኔ የተመሰገንኩ ባለሙያ ነኝና ለዓመታዊ ጥገና ኪቦርዱን እንድመለከት ባለፈው ኅዳር ሲላክልኝ፣ ራሱ ሰውአገኝ በትከሻው ተሸክሞ ሲያመጣው ነው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ! ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እዚህ የሚያየኝ ስለሌለ አንዲት ዘፈን ብነካካ ቅር ይልሃል ወይ አለኝ። ጀመረ፣ መሐል ላይ አቆመ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ ይህን ሁሉ ማኅተም የያዙ ሰዎች ደህና ነው ካሉ ምናልባት የተበላሸው የእኔ ጆሮ ይሆን እንዴ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ እኔን፣ የሞተ ሶኬት ሁለት ቀን የጠገንኩትን ሰው! ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለዚህ ማብራሪያ ከፈለጉ በሌላ ደብዳቤ አቀርባለሁ።

4ኛ. በማግስቱ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ማመልከቴ አይዘነጋም። መጀመሪያ የተዘጋ ፋይል አይከፈትም ተባልኩ። ሁለተኛ ጊዜ፣ ንብረቱ ለመበላሸቱ ቃል መስጠት የሚችለው ብቁ ባለሙያ ብቻ ነው ተባልኩ። ሰርተፊኬቴን ተሸክሜ ሦስተኛ ስመጣ፣ ይህ የሚያረጋግጠው መጠገን መቻልዎን እንጂ ማበላሸት መቻልዎን አይደለም ተባልኩ። በሕይወቴ ሙሉ አንድም ሰው ማበላሸቴን ተጠራጥሮ አያውቅም፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በቀር።

5ኛ. ሰውአገኝ የሠራውን የሚገለብጥበት አንድ ዲስኬት እንዲገዛለት ሁለት ዓመት በጽሑፍ ጠይቆ፣ «ንብረቱ ኪቦርድ እንጂ ኮምፒውተር ስላልሆነ ዲስኬት አያስፈልገውም» የሚል መልስ በፊርማዎ ደርሶታል። ይህን ደብዳቤ አሳይቶኝ አንብቤዋለሁ፤ የአማርኛዎ ጥራት ደስ ይላል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥፋቴን ልናዘዝ። የማዕከሉ ንብረት ያለ ፈቃድ ከከተማ እንዳይወጣ የሚከለክለውን መመሪያ ጥሼ፣ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሰውአገኝን በእረፍት ቀኖቹ ይዤ ድብ ባሕር አያ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። አያ ዳኛው ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን ከእርስዎም ከእኔም ይበልጣል። ቤታቸው መብራት ስለሌለ፣ መብራት ያለበት አንድ ቦታ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ገብተን ተራ ከሚጠብቀው እህል አጠገብ ዘረጋነው። የጠገንኩትን ጥቂት እንደሰሙ፣ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳርፈው፣ ምነው ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ እንዴ፣ እኔን ረስቶኛል አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ።

ከዚያ እሳቸው በማሲንቆ አንዷን ድምፅ ይይዛሉ፣ ሰውአገኝ በኪቦርዱ ይፈልጋታል፤ አልፋለች ይላሉ፣ ይመልሳታል፤ አልደረሰችም ይላሉ፣ ይጨምራል። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር መብራቱ ይወርድና ኪቦርዱ ጥፍት ይላል፤ ደግነቱ ያስገባኋት አዲስ ባትሪ የተገኘውን ሁሉ ይዛ ትጠብቃለች። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የረባ ሥራ የሠራሁት እሷን ነው። ሁለት ቀን ፈጀ። አምስተኛዋ ስትገጥም አያ ዳኛው ማሲንቋቸውን ዝቅ አድርገው አሁን ሸጋ ነው አሉ፤ ሰውአገኝ ግን ቃላቸውን አልጠበቀም፣ ቀድሞ ዘፈኑ ውስጥ ገብቷል። ባንቺአየሁ የሚሏት፣ ተራዬን ወሰዱብኝ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ስትጨቃጨቅ የነበረች ሴት፣ ጭቅጭቋን አቁማ በዱቄት በነጣ ነጠላዋ ትከሻዋን መስበቅ ጀመረች። ወፍጮ ቤቱ ቃለ ጉባኤ አልያዘም። ሰውአገኝም ስለ ጆሮው ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ ሦስት ነገር ነው። ከዚህ ጋር አባሪ ያደረግሁትን ሰርተፊኬት ተረክበው ከሽልማት መዝገብ ስሜን እንዲፍቁ፤ ያቺን የተረገመች መስመር ከሰውአገኝ ማኅደር አውጥተው ከእኔ ስም ሥር እንዲያስገቡ፤ እሱንም ከጥር ዝግጅት በፊት ወደ መድረኩ እንዲመልሱት። አሥራ አንድ ዓመት ያስጨፈረን ሰው በር ላይ ቆሞ የራሱን ኪቦርድ ሲጠብቅ ማየት ይከብዳል፤ ምክንያቱ እኔ ስሆን ደግሞ ይብስብኛል።

ለሰጡኝ ክብር፣ ላልሰጡኝ ቅጣትና ይህን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ላጠፉት ውድ ጊዜ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ይጽና፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ጆሮዎንም ፈጣሪ ይክፈትልዎ እያልኩ፣ ከጫማዎ ሥር ሆኜ እሰናበታለሁ።

አብዱልመናን ቡሽራ
የእርስዎ የክብር ባለሙያ፣ ያለ ክብርና ያለ ሙያ

ግልባጭ፦
ለርክክብ ኮሚቴው ሰባቱም አባላት
ለአያ ዳኛው፣ ድብ ባሕር (በሰው ተነቦ እንዲሰማ)
ለእህቴ ሰሚያ፣ ሪፖርቱ ላይ ያልተጠየቅሁትን እንዳልጽፍ ነግራኝ ስለነበር

ማሳሰቢያ፦ ኪቦርዱን ትናንት ለግምጃ ቤትዎ በፊርማ አስረክቤያለሁ። ኮሚቴዎ እንደ ልማዱ ይጫነው፤ ስልሳ አንዱም ይጮኻሉ። አምስቱ ድምፆች ግን እንደ ዱሮው ዘንበል ብለዋል፤ ያዘነበልናቸውም እኔና ሰውአገኝ አብረን ነን። ይህ ንብረት ማበላሸት ከሆነ እኔንም እንደሱ ይቅጡኝና ግምጃ ቤቱን ሁለት ሆነን እንጠብቅ፤ ካልሆነ ደግሞ እሱ ያኔ ምን አጠፋ? ከሁለቱ የመረጡትን በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ከላይ አባሪ ነው ያልኩት ሰርተፊኬት ስለሌለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ የከለከሉትን ዲስኬት ገዝቼ አምስቱን ድምፆች ገልብጬበት አያ ዳኛው ሣጥን ውስጥ ሳስቀምጠው፣ አቧራ እንዳይገባው የምጠቀልልበት ወፍራም ወረቀት ከእሱ በቀር አጣሁ።