ቲቸርን መጀመሪያ የምጭንበት ምክንያት

ቻላኩዲ፣ ጁላይ 9 ቀን 2016

ይድረስ ኩዌት ላለችው ለልጄ ለፊሎሚና፤

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆችሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቫኑም ደህና ናቸው። በስልክ መናገር አያቅተኝም፤ ግን በስልክ ታቋርጪኛለሽ። በደብዳቤ እስክጨርስ ትሰሚኛለሽ። የምትጽፍልኝ ማርያኩቲ ቲቸር ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከአረጋውያኑ የቀን ማረፊያ አጥር ሥር የምትኖረው ጡረተኛ። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ።

"አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ሹፌርነት ይብቃህ" ትይኛለሽ። አይበቃኝም። ጠዋት ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ከየቤታቸው ሰብስቤ ማረፊያው አደርሳለሁ፤ ማታ መልሼ ለየልጆቻቸው አስረክባለሁ። ድሮ በሎሪ ግንድ ሳመላልስ ግንዱ አንድ ቀን እግዜር ይስጥህ ብሎኝ አያውቅም። እነዚህ ይመርቁኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ይዘፍኑልኛል። እኔ ፍሬን ስይዝ የአንዳቸውም አንገት አይነቀነቅም። እንደኔ የሚነዳ ካለ አምጪልኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለፈው ሳምንት የማረፊያው ኃላፊ፣ መነኩሲቷ ሲስተር፣ ሰው ሁሉ ፊት ጠራችኝ።

"ጋሽ ኦውሴፍ፣ የቲቸር ቤት አጥራችን ሥር ነው። ለምንድን ነው መጀመሪያ ጭነዋት ከተማውን ሁሉ የሚያዞሯት?"

"ቫኑ ባዶውን ሲሄድ ወደ ግራ ይጎትታል ሲስተር። ክብደት ይፈልጋል።"

ዕድሜውን ሙሉ ከኮኮናት ዛፍ ላይ ለጠጅ የሚሆን ፈሳሽ ሲያወርድ የኖረው ኮቻፓን ከኋላ ጮኸ፦ "ክብደት? ንፋስ የሚወስዳትን ሴት? ክብደት ከፈለግህ እኔ አለሁልህ አይደል!"

ማረፊያው በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። "ከሰኞ ጀምሮ ቲቸር በእግሯ ትምጣ" አለች።

እሑድ ካሳቫውም ዓሣውም አልዋጥ አለኝ። ሰኞ በዚያ ዝናብ ባዶ ቫን ይዤ ከከተማው ዳር፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ ደረስኩ። ኮቻፓን የሚሳፈረው እዚያ ነው። ከጎኑ ጃንጥላ ይዛ የቆመችው ማን ትመስልሻለች? ቲቸር! በሌሊት ተነስታ፣ በሕዝብ አውቶቡስ እዚያ ድረስ መጥታ። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

"ቲቸር፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እህቴ ቤት አድሬ ነው።"

"እህት መቼ አለሽና!" አለ ኮቻፓን።

"አንተ ዝም ብለህ ግባ፤ ትበሰብሳለህ።"

ኮቻፓን መንገዱን ሙሉ ሳቀ። ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከወንበር ሥር ፈልጌ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ስሚኝ ፊሎሚና። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ በዚያ ቤት የማወራው ከሬዲዮ ጋር ነው። ቲቸርን ላገባ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ቄሱ ሊጋቡ ነው ብለው ስማችንን በቅዳሴ ላይ እንዲያውጁ እነግራቸዋለሁ።

ይኸው ብዕሩን አስቀመጠችው። ጻፊ እንጂ! እንግዲህ አነሳችው።

በዕድሜዬ የማንንም ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም፤ የአንቺን ግን እጠይቃለሁ። ተቀይመሽ በእናትሽ ደጅ አልገባም ካልሽ አልችለውም። ስለዚህ ደውዪልኝ። የልብሽን ንገሪኝ፤ አታባብዪኝ።

በሆስፒታሉ በሽተኛ የሚያነሳ እጅሽ አይድከም። ልጆችሽ ቁመታቸው እንደ ኮኮናት፣ ጠባያቸው እንደ አያታቸው እንደ እኔ ይሁን።

አባትሽ ኦውሴፍ
(አውራ ጣቴን አትሜያለሁ)

ልጄ ፊሎሚና፣ ከጣቱ አሻራ በታች ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። እሱ ቫኑን ሊያጥብ ወጥቷል፤ ቢኖርም አያነበውም። የእናትሽ ፎቶ ከተሰቀለበት አይነሳም፤ ከፊቱ ያለውንም መብራት በየማታው እኔው አበራላታለሁ። ይህ ነገር ካሳዘነሽ ግን ሲስተር እንዳለችው በእግሬ እሄዳለሁ፤ አልቀየምሽም። ደስ ካለሽ ደግሞ ደውዪለትና አንድ ነገር ብቻ በዪው። ለአንቺ ነግሯል፣ ለቄሱ ሊናገር ነው፣ ለኮቻፓንም ሳይነግረው አይቀርም። እኔን ግን እስካሁን አልጠየቀኝም። ይጠይቀኝ።

ማርያኩቲ