ጋሽ ዋርዮ በቃ እስኪሉ

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል
ሐሙስ ጠዋት

ውድ ጋሽ ዋርዮ፣

ሶሎሎ እንዴት ይዛዎታለች? ጉልበትዎስ? ሐኪሙ ሻይ ያለ ስኳር እንዲጠጡ ማዘዙን ሰምቻለሁ። እርስዎም ስኳር ያለውን ጎረቤት ሄደው እንደሚጠጡ ሰምቻለሁ። ወሬውን የሚያመላልሰው ያው ሾፌሩ ቦኩ ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ በፕሮቦክስ መኪናው ይዞልዎት የሚመጣው እሱ ነው።

መደወል እየቻልኩ የምጽፍልዎ ፈርቼ ነው። ስልኬን አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ አላነሱልኝም። ወረቀት ግን ያከብራሉ፤ የውሃ ቢል እንኳ ቆመው ነው የሚያነቡት። በአማርኛ የጻፍኩትም ሥራውን ያስተማሩኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው። በወጣትነትዎ ዲላ ፎቶ ቤት የቀሰሙትን ለእኔ ሲያቀብሉ፣ ቦረንኛውንም ስዋሂሊውንም ትተው፣ "መጀመሪያ ብርሃኑን ተመልከቺ፣ ፊቱን ቆይተሽ ትደርሺበታለሽ" ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ስለ ፎቶ የማስበው በዚያው ቋንቋ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅዎና አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። በሁለቱ መካከል ግን አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ፤ እሱን ሳልነግርዎ ብቀር ሆዴ ይፈነዳል።

መቼም ያቺን ቀን አልረሷትም። ከሠርግ ቪዲዮ ውስጥ የሙሽራዋን ፎቶ አውጥቼ፣ አትሜ፣ እየተኩራራሁ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽርዎን ከፍ አድርገው አዩትና "ይሄ ፎቶ አይደለም፣ ቃርሚያ ነው" አሉኝ። "ደግሞ ልጅቷ መነሳቷን አላወቀችም። ሰው ሳያውቅ የተወሰደ ፊት የሰው ዕቃ ነው።" እኔም አፌ እንዳመጣልኝ፣ የእርስዎ ፎቶ ሁሉ የኪፓንዴ ፎቶ ነው አልኩዎት። ሙሽራውም ሕፃኑም ሽማግሌውም ለመታወቂያ እንደተሰለፈ ሰው ድርቅ ብሎ ነው የሚቆመው አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እጄን ይዘው ላስተማሩኝ ሰው እንዲህ ተናገርኩ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው በሸሚዝዎ ጫፍ ጠረጉት። በሳምንቱ የስቱዲዮውን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለሙስሊማ ሰጥተው ሶሎሎ ወደ ልጅዎ ሄዱ። ሰው ጉልበታቸውን ሊያሳርፉ ነው አለ። እኔ ግን ምክንያቱን አውቄው ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ሙስሊማ፣ ያቺ ከግቢዎ መብራት ስባ ሲንጀሯን የምታስጮኸው ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ የራሷ አቆራረጥ ያላት ሰው ሆናለች። ናይሮቢ ያለ አንድ የልብስ መደብር ድራኮቿን፣ እነዚያን ስስና ረጃጅም ቀሚሶቿን አይቶ ወደዳቸው። ነገር ግን ከመስኮቱ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶና በስልክ የሚታይ ቪዲዮ ላኪልን አላት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ዓይነት ሰዎች ላይ ይሁን ተባለ። ካማረ ልብሷን ይሰቅላሉ፣ ካላማረ ነገሩ ይቀራል። ሙስሊማ ሰባት ቀሚስ ሰፍታ ስትጨርስ ጣቷ ላይ ሦስት ፕላስተር ነበር። አንሺው ማን ይሁን ሲባል እኔን ጠራች።

ካሜራውን ከናይሮቢ ይዛ የመጣችው ሜርሲ የምትባል ልጅ ናት፣ ለአንድ ቀን ብቻ። የዲጂታል ሲኒማ ካሜራ ነው። ጋሽ ዋርዮ፣ ቢያዩት መጀመሪያ ይስቁበታል፤ የመኪና ባትሪ የሚያክል ሳጥን ነው፣ እንዳይሞቅም ሆዱ ውስጥ ማራገቢያ አለው። ፎከሱ ግን እንደ ድሮው በእጅ ነው የሚዞረው፤ ይህን ሳይ እርስዎ ትዝ አሉኝ። በሰከንድ ሃምሳ ሥዕል ይወስዳል፣ ከሃምሳው አንዷን ቢመዙ ለግድግዳ ትበቃለች። እነሱ ዘንድ ብዙ የፋሽን አንሺዎች አሁን ለፎቶ አንድ፣ ለቪዲዮ ሌላ ካሜራ መሸከም ትተው በዚሁ በአንዱ ነው የሚሠሩት አለችኝ።

ከሜርሲ ጋር ገና ሳንጀምር በሸተሩ መከፈትና መዘጋት ፍጥነት ተጣላን። ለቪዲዮ ሸተሩ ዘግየት ማለት አለበት፣ አለዚያ እርምጃው ይቆራረጣል። ለፎቶ ደግሞ መፍጠን አለበት፣ አለዚያ እያንዳንዱ ሥዕል ይደበዝዛል። እሷ ወደ ቪዲዮው ጎተተች፣ እኔ ወደ ፎቶው ጎተትኩ፤ እንደ ገበያ ሰው ተከራክረን መሃል ላይ ተስማማን።

ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የኔ ነው። የእርስዎን ግቢ መረጥኩ፤ ሰማያዊውን ግድግዳና ሲሚንቶው ላይ በቀለም ያሰመሩትን ነጭ መስመር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብርሃኑ እዚያ እንዴት እንደሚተኛ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ቀሚሱን የሚለብሱት ደግሞ የግመል ወተት ሻጯ ቱሪና አምስት የገበያ ጓደኞቿ ነበሩ። ሙስሊማ "ልብሴን የሚለብሱ ሰዎች ይልበሱት" ብላ ሌላ ሰው አልፈልግም አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ቱሪን ያውቋታል፣ ሠርግ ላይ ስትጨፍር ስልኩ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚዞረው።

እየተንጫጩ ገቡ። እየተሳሳቁ ለበሱ። አንዷ የአንዷን ሻሽ እያስተካከለች፣ እየተጎነታተሉ መጡና ነጩ መስመር ላይ ቆሙ። ጸጥ አሉ። ስድስቱም አገጫቸውን ቀና፣ እጃቸውን ወደ ጎናቸው፣ ዓይናቸውን ፈጠጥ አድርገው ትንፋሻቸውን ያዙ። ሜርሲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ክዋኒ ሃዋ ኒ ሳናሙ?" አለችኝ። ሐውልት አለመሆናቸውን ማስረዳት አቃተኝ።

"ተራመዱ እንጂ" አልኩ። ሦስት እርምጃ ተራመዱ፣ ተመልሰው መስመሩ ላይ ደረቁ። "አውሩ" አልኩ። ቱሪ ከንፈሯን ሳታነቃንቅ "እናውራ?" አለች። አንዷ ስትስቅ ሰምቼ ካሜራውን ሳዞር ሳቋን ዋጠችው። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ አለን፣ ጋሽ ዋርዮ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የተንቀሳቀሰው የቀሚስ ጫፍና የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው። ብርሃኑ ከግድግዳው ላይ እየሸሸ ነው። ሙስሊማ በሩ ሥር ቁጭ ብላ የጣቷን ፕላስተር ትልጣለች፣ መልሳ ትለጥፋለች። እሷን ማየት አቃተኝ።

በመጨረሻ ቱሪ ፊቷ ቀልቶ "ኮኪ፣ ልትገድይን ነው እንዴ?" አለች። "ዋርዮ እኮ ይሄኔ በቃ ይለን ነበር።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ መስመር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ "ትንፋሽ ያዝ" ተብሏል፣ ካሜራው ቀጭ ብሏል፣ እርስዎም "በቃ" ብለዋል። ይህ የሲኒማ ካሜራ ደግሞ ቀጭ አይልም። ዝም ብሎ ይወስዳል። እነዚያ ሴቶች ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠበቁት የእርስዎን በቃ ነበር፤ ሞያሌን በሙሉ አሠልጥነው ለእኔ ትተውልኝ ሄደዋል።

ሜርሲን እጅሽን ከፎከሱ እንዳታነሺ አልኳት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድምፄን የቻልኩትን ያህል አወፍሬ፣ እንደ እርስዎ ትንሽ በአፍንጫዬ፣ "በቃ" አልኩ።

ምነው በነበሩ። ስድስቱ እኩል ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ወረደ፣ ሻሻቸው ተንሸራተተ። ቱሪ ድምፄን ሰምታ በሳቅ ልትወድቅ ሆነች፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት ትከሻ በጥፊ መታች፣ ቀሚሷም በነፋስ ተሞልቶ ተነሳ። ሌላዋ እኔን ለመምታት ጫማዋን ታወልቃለች። ካሜራው ይሄን ሁሉ እየወሰደ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘዴውን አወቅነው። "ትንፋሽ ያዙ" እላለሁ፣ ይደርቃሉ። "በቃ" እላለሁ፣ ይፈታሉ። ሰባቱንም ቀሚስ በዚሁ ጨረስን። ቪዲዮው ከድርቀቱ ወደ ሳቁ ያለው መንገድ ነው፣ ፎቶው ደግሞ ከዚያ መሃል የተመዘዘ።

ሳያውቁ የተነሱት የሰው ዕቃ ነው ያሉኝን አልረሳሁም። እያንዳንዷን አስቀምጬ የራሷን ሥዕል አሳየሁና ይውጣ ወይስ ይቅር አልኩ። ቱሪ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ጥርሴ ይታያል" አለች።

"ይታያል።"

"ወርቁ?"

"እሱ ነው ጎልቶ የሚታየው።"

"ታዲያ ልደብቀው አስተከልኩት?" አለችና፣ ትልቁ ፎቶ የእሷ እንዲሆን አዘዘች። እንዳለችውም ሆነ። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ቱሪ ከነወርቅ ጥርሷ ከበሩ ቁመት በልጣ ቆማለች። መደብሩ ሰባቱንም ቀሚስ ተቀብሎ ሌላ ጨምሪ ብሏል። ሙስሊማ ዜናውን የሰማች ቀን መቀሷን እንደያዘች መንገድ ላይ ወጥታ አቀፈችኝ፣ የሸሚዜን እጅጌም ቀደደችው። ራሷ ሰፍታልኛለች።

አሁን ይቅርታው ነው። ሥራው ሲያልቅ ሜርሲ "ይሄ ሁሉ ሰው የሚፈራው ዋርዮ ማነው? ሥራውን አሳዪኝ" አለች። ከሙስሊማ ቁልፉን ተቀብዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከፊልም ዘመን አልበሞች ጀርባ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ አብሬዎት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን አላየሁትም። ክዳኑ ላይ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ "ከበቃ በኋላ። ባለቤቱ ሲጠይቅ ይሰጥ" ይላል። ውስጡ በየስሙ ትንንሽ ፖስታ፣ በየፖስታው አንዳንድ ቁራጭ ኔጋቲቭ ነበር። ሜርሲ አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። እኔም ሌላ አነሳሁ።

ጋሽ ዋርዮ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንዳንድ ፊልም እያስተረፉ፣ በቃ ካሉ በኋላ ዳግም ያነሱ ነበር። እነዚያ ለኪፓንዴ የተሰለፉ ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ እየሳቁ ነው። ቱሪ አለች፣ ሙሽራ ሆና፣ ወርቁ ጥርስ ገና ሳይተከል፣ የባሏን ትከሻ በጥፊ ስትመታ። ያው ጥፊ ነው። እኔ በሃምሳ ሥዕል በሰከንድ ያገኘሁትን እርስዎ በአንድ ፊልም አግኝተውታል። ሥራዬን ቃርሚያ ያሉት እርስዎም ቃራሚ ነዎት፤ ግን የቃረሙትን ለባለቤቱ አስቀመጡት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አልተኩራሩበትም። ያን ቀን ይህን ቆርቆሮ አውጥተው አፌን ሊያስይዙኝ ይችሉ ነበር፤ መነጽርዎን ብቻ ጠረጉ። የተናገርኩት ሁሉ ስህተት ነበር፣ አሳፍሮኛልም። ይቅር ይበሉኝ።

ከፖስታዎቹ አንዱ ላይ የእኔ ስም አለ። ሰባት ዓመቴ ነው፣ ለትምህርት ቤት ፎቶ እናቴ ይዛኝ የመጣች ቀን። የደረቅሁበትን ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ አይቼው ነው ያደግሁት። ይሄኛው ግን በቃ ካሉ በኋላ ያለው ነው፤ እኔ ወደ ኋላ ተጠምዝዤ፣ እናቴ ከመጋረጃው ብቅ ብላ፣ ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን እንስቃለን። በኔጋቲቭ ጥርሷ ጥቁር፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኖ ነው ያየኋት፣ ቢሆንም አልጠፋችኝም። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ስትስቅ የሚያሳይ አንድም ፎቶ አልነበረኝም። ሜርሲ በስልኬ አንስቼ አሁኑኑ ልገልብጥልሽ አለች። እምቢ አልኩ። መልሼ ፖስታው ውስጥ፣ ፖስታውን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። የማንንም አላወጣሁም፣ ለቱሪም አልነገርኳትም። ባለቤቱ ሲጠይቅ ይሰጥ ነው የሚለው፤ የሚሰጠው ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ባለቤቷ ይኸው ጠየቀች።

ልመናዬም ከዚሁ የወጣ ነው። መደብሩ አሁን የሽማግሌ ልብስ አንሱልን ብሏል፤ ሙስሊማ ኮፍያና ሽርጥ እየሰፋች ነው። ቅዳሜ ሳምንት እነ አሬሮ፣ እነ ሀላኬ፣ የእርስዎ የዳማ ጨዋታ ጓደኞች ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ። ለእነሱ የእኔ በቃ አይሠራም፤ ሞክሬው "ድምፅሽን አስተካክይ" ብለው ተቆጡኝ። ካሜራውን እኔ እይዛለሁ፣ ፎከሱን ሜርሲ ተመልሳ መጥታ ታዞራለች። በቃ የሚል ሰው ግን የለንም። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ እናወጣና ከተማው መጥቶ የየራሱን ይጠይቅ፣ እርስዎም ይስጡ።

ቦኩ ቅዳሜ ሳምንት ጠዋት በርዎ ላይ ይቆማል። ለጉልበትዎ ብሎ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦታል። ስኳርም ገዝቻለሁ፤ ለልጅዎ አልናገርም።

ነጩን መስመር ትናንት አዲስ ቀለም ቀባሁት። ይህን ጽፌ ስጨርስ ሄጄ እቆምበታለሁ፣ አገጬን ቀና፣ እጄን ወደ ጎኔ አድርጌ፣ ልክ እንዳስተማሩን። ትንፋሼን ይዣለሁ። በቃ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት።

ተማሪዎ
ኮኪ