ያልፈሰሰው ውሃ

ሰኞ
ልጄ ዛሬም ክብደት አልጨመረችም። ነርሷ "ተስፋ አትቁረጪ" ስትለኝ ዓይኔን አላየችም፤ ገባኝ። ያለ ጊዜዋ ከተወለደች ጀምሮ የሆስፒታሉ ማሞቂያ ውስጥ ናት። ሳትጠመቅ ትሄድብኛለች ብዬ እየሞትኩ ነው። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ባሌና እናቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። እናስጠምቃት ብዬ ለመንኳቸው። አራስ ሊጠይቁ ከዛሪማ የመጡት አማቴ "ምነው ልጄ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው እንጅ! ሸጋ ሆና በታቦታችን ትጠመቃለች" አሉ። ባሌ መሬት መሬት ያያል። አናደደኝ።

ማክሰኞ
አደረግኩት። ጠዋት ትንፋሿ ተቆራረጠ። በእኛ እምነት ሞት ከቀረበ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል፤ ውሃና ቃሉ ይበቃል። ግን ውሃ የት አለ? ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ወጥቼ ልግዛ እንዳልል ጊዜ የለም። አፏን የምጠርግበት እርጥብ ጥጥ ነበረኝ። ግንባሯን ነካሁና "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ" አልኩ። ትንፋሿ ተመለሰ። እፎይ! ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ
እፎይታው አላደረም። በልጅነታችን ስንማር ውሃው በራስ ላይ መፍሰስ አለበት ተብለናል። ውሃው ለኃጢአት ሞትም አዲስ ልደትም ነው ይሉን ነበር። እኔ ግን ልጄን እንደ ጠረጴዛ ወልውዬ ተመለስኩ። ለቄሳችን ደወልኩ። "ከተጠራጠርሽ ድገሚው፤ ግን ጥምቀት ሁለቴ አይሆንምና 'ያልተጠመቅሽ እንደሆነ' ብለሽ ጀምሪ" አሉኝ።

ሐሙስ
የታሸገ ውሃ ገዛሁ። ቅዝቃዜው እንዳይጎዳት ጡቶቼ መሃል ይዤ አሞቅኩት። ነርሷ "ትንሽ ብቻ" ብላ ፊቷን አዞረች። "ያልተጠመቅሽ እንደሆነ…" ብዬ ጀምሬ ጨረስኩት። ውሃው ከአናቷ ወርዶ ጆሮዋ ሥር ገባ። ጣቶቿን አንቀሳቀሰች።
ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ዓርብ
ቀበርናት። ከቀብሩ በፊት አማቴ ደረታቸውን እየደቁ "ሳትጠመቅ! ያለ ፍትሐት!" ሲሉ አልቻልኩም፤ እንዳጠመቅኳት ነገርኳቸው። ባሌ ተቆጥቶ ጥሎኝ ወጣ፤ ቀብር ላይም አላናገረኝም። አማቴ ግን እንባቸውን ጠረጉና "ክርስትና ስሟስ?" አሉ።
ስም! በጥድፊያዬ ስም አላወጣሁላትም። ይህን ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።
"ወለተ ማርያም ትባል። የእኛ ቄስ ጥምቀትሽን ይቀበሉት እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን በስሟ እለምንላታለሁ።"
ከዚያ በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት። እኔም ጠራኋት። ከተወለደች ወዲህ ልጄን በስም ስጠራት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።