ጎሉ ከአንቺ ይጀምራል

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለሔራን፣
ቦልዛኖ።

የሮማ ፀሐይ ከነሰላምታዬ በረዶሽ ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሰፈራችን ፒኜቶም ደህና ነው።

የቅዳሜውን የሆኪ ጨዋታሽን ከጎረቤቴ ከሪታ ጋር በቴሌቪዥን ተከታተልን። ተከላካይ ቦታዋን አትልቀቅ እልሽ ነበር፤ እግር ኳስ ላይ አሁንም እላለሁ። በረዶ ላይ ግን ሌላ ነው። አንቺ ያቺን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ፓኩን፣ ከጎላችሁ አጠገብ በዱላሽ ይዘሽ ስትወጪ ባላጋራ ያፈገፍጋል፤ አጥቂዎቻችሁም በሩጫ ላይ እንዳሉ ይቀበሉሻል። ዝም ብሎ መጠለዝ ግን ለባላጋራ መመለስ ነው። ስለዚህ ጎሉ የሚጀምረው ከአንቺ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት።

አንዷ እንደዚያ ይዛ ስትወጣ ተነስቼ «ጎሽ የኔ ልጅ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ሪታ በሳቅ ፈረሰች።

«ማማ ሚያ፣ ጋሼ! እሷ እኮ የባላጋራ ናት!»

«ማሊያቸው ይመሳሰላል።»

«አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ! አሎራ፣ በቃ ነገ ሐኪም ጋ ልውሰድዎት።»

«ያረጀው ቴሌቪዥኑ ነው፤ እሱን ውሰጂው» አልኳት።

ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቼዋለሁ። ትራም ብቻዬን መሳፈርም ትቻለሁ፤ ዘንድሮ ቁጥሩን አሳንሰው ነው የሚጽፉት። ይህን ለእናትሽ አትንገሪ፤ በከንቱ ታስባለች።

ለፋሲካ ስትመጪ ከሪታ ጋር ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከሩቅ እጅሽን አታውለብልቢ፤ ቀርበሽ «አባባ» በይኝ። ከመጣሽም ቶሎ አትመለሺ። ፊትሽን በደንብ ልየው።

የቆምሽበትን ያጽናልሽ፣ ከውድቀት ይሰውርሽ።

አያትሽ ዘመንፈስቅዱስ