የሚስተር ሄልመርን ሽጉጥ የወለወልኩ ጊዜ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ብዙነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የባልሽ የጋሽ ዋቁማ ደም ግፊትስ? ጨው ተው ብትዪው እንደማይሰማሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በእኔ ስም ደግመሽ ንገሪው። ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ በጤናችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነን ስልሽ ግን አትመኚኝ፤ እኔ ደህና አይደለሁም፣ እትዬ። በስልክ እንዳልነግርሽ ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ባሌ ረጋሳ ይሰማኛል። ለዚህ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

ባሌ አሮጌ ሽጉጥ እንደሚሰበስብ የነገርኩሽ ጊዜ «ምን ነካው ሰውዬው!» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሳቂ፣ እኔም እስቅ ነበር። የሰው ባል ቅዳሜ ያርፋል፣ የእኔው ሽጉጥ የሚሸጥበትን አዳራሽ ሲዞር ይውላል። ዛሬ ሰው የሚታጠቀው ዓይነት እንዳይመስልሽ። ድሮ ነጮቹ ወደ ምዕራብ እየገፉ የአገሩን ባለቤቶች መሬት ሲነጥቁ፣ ፈረሰኛ ወታደሮቻቸው የያዙት ስድስት ጎራሽ ነው። ከእርጅናው ብዛት ፈቃድ እንኳ አይጠየቅበትም፤ ጥይት የሚባል ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ረጋሳ የራሱ ሦስት አለው፤ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸው ነበር።

ይሄን ፍቅር ያስያዘው ሚስተር ሄልመር የሚባል ሽማግሌ ነው። ረጋሳ አዛውንቶችን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን ድራይቭ ያደርግ የለ? ሰውዬውን ከቡርንስቪል ለዓይኑ ሕክምና ሲያመላልሰው ወሬ ጀመሩ፤ በዚያው ወዳጅ ሆኑ። የእኔን ባል ታውቂዋለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰላም ብሎ ነው የሚወጣው። እዚህ አገር ከመጣን ጓደኛዬ ብሎ የጠራው ሰው እሱ ብቻ ነው።

የሚስተር ሄልመር ዓይን ጨርሶ ሲጠፋ ሴት ልጁ ኢገን የሚባል ከተማ ያለ የአረጋውያን ቤት አስገባችው። እዚያ መሳሪያ፣ ያረጀም ቢሆን፣ አይገባም። ስለዚህ የቅድመ አያቱን ሽጉጥ ለረጋሳ በአደራ ሰጠው። እሑድ እሑድ ረጋሳ ይዞለት ይሄዳል፣ ሽማግሌውን ደግፎ መኪናው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ እሱም ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዳብሰዋል። የእንጨት እጀታው ላይ ቅድመ አያቱ በሚስማር የጫራቸው ሁለት የስሙ ፊደሎች ነበሩ። አውራ ጣቱን እነሱ ላይ አድርጎ ስለ ድሮው ያወራል አሉ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፤ ረጋሳ የነገረኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ረጋሳ ሥራ ላይ እያለ የአደራው ሽጉጥ ያለበትን ሣጥን ከፈትኩት። ብታዪው! ብረቱ ዝጎ ጠቁሯል፣ እንጨቱ ተቧጭሮ አይጥ የበላው መስሏል። የሰው አደራ እንዲህ ይያዛል እንዴ ብዬ እኔ በባሌ ፈንታ አፈርኩ። አባዬ ምንሽሩ ላይ የዝገት ነጥብ ካየ ያ ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደነበር አንቺ ነሽ የምታውቂው። ለመስቀል አንቺ በአመድና በሎሚ፣ እኔ በስብ፣ ፊታችን እስኪታይበት አልነበር የምንወለውለው? እንግዳው ሁሉ ሲመርቀን! እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ብረቱን በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩት፣ ከዚያ በዘይት አሸሁት። አብረቀረቀ! እሑድ ጠዋት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ለረጋሳ ሰጠሁትና፣ እዚያ ስትደርስ ክፈተው፣ ትደሰታለህ አልኩት።

ለካስ ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ክብሩ ዝገቱ ነው። ጥቁረቱ፣ ጭረቱ፣ ያኔ የጦሩ ሹም የመታበት ማህተም፣ ምኑም አይነካም። ማን ነገረኝ?

ሚስተር ሄልመር በአውራ ጣቱ ቢፈልግ ቢፈልግ ፊደሎቹ የሉም። «ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። ረጋሳ ሚስቴ ወልውላው ነው ቢል ማን ይመነው? ልጁ መጥታ፣ ዋናውን ሸጠህ ዓይነ ስውር አባቴን በሌላ ልታታልል ነው አለችው። ሽጉጥ ሰብሳቢ ቤት ውስጥ ማንም እንዲህ አያደርግም አለች። ለፖሊስም ለመሥሪያ ቤቱም አመለክታለሁ ብላ ዛተች። አዛውንት የሚያመላልስ ሰው ሌባ ከተባለ አለቀለት በቃ!

ቤት ሲገባ አልተቆጣኝም። ምነው በሰደበኝ! ጃኬቱን እንደለበሰ ቁጭ አለና፣ «ሌባ አለኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ እህል እምቢ አለው። የራሱን ሽጉጦች ከግድግዳ አውርዶ አልጋ ሥር ከተታቸው። እጄን ቆርጦ በጣለው ብዬ አለቀስኩ። በገዛ እጄ ባሌን ሌባ አሰኘሁት፣ እትዬ።

ትናንት ሳልነግረው አውቶቡስ እየቀያየርኩ ኢገን ሄድኩ። ሰው ሁሉ በመኪና በሚሄድበት አገር በበረዶ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተትኩ ደረስኩ። ሽቦውንና ብርጭቆ ወረቀቱን ሳልጥላቸው ስለቀሩ በፌስታል ይዣቸው ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ አባዬ ምንሽር፣ ስለ መስቀል፣ ስለ አመዱና ስለ ሎሚው ለሚስተር ሄልመር ነገርኩት። ከዚያ ወረቀቱን እጁ ላይ አደረግኩለት። የእንጨቱ ብናኝ ገና ከላዩ አልለቀቀም ነበር። ዳበሰው፣ አሸተተው፣ ደግሞ አሸተተው። «እሱ ነው» አለ። እዚያው ለልጁ ደውሎ፣ ሰውዬውን ተዪው፣ አልሰረቀኝም አላት። እግሩ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝ።

ያኔውኑ ተነስቼ ብወጣ ምን ነበረበት! ቆዪ አለኝ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ተናድጄ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ያጽናናኝ ነበር አለኝ። ተሰርቄ ከሆነ ሽጉጡ የሆነ ሰው ቤት አለ፣ ፊደሎቹም አሉ፣ አንድ ቀን ይገኛል እል ነበር አለ። «አሁን የት ብዬ ልፈልገው? ብትሰርቁኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። አልጮኸብኝም እኮ! ሶሪ፣ ሶሪ ከማለት በቀር ምን አፍ አለኝ? ልሄድ ስል ወረቀቱን ልቀበለው እጄን ብዘረጋ ጨብጦ ያዘው። «ይሄን ተዪልኝ፤ የቀሩት ፊደሎች እዚህ ላይ ናቸው» አለኝ።

ማታ ልጅቷ ደውላ ረጋሳን ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ የሚያውቀው ይሄን ብቻ ነው። በላ፣ ተጫወተ፣ የፊታችን እሑድ ወዳጄን ልጠይቅ ስለምሄድ ሸሚዝ ተኩሺልኝ አለኝ። ተኮስኩለት። ሽማግሌው ያለኝን ልንገረው ወይስ ሄዶ ከአፉ ይስማው? ጨንቆኛል፣ እትዬ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ይሄ ደብዳቤ ከእሑድ በፊት እንደማይደርስሽ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ሰው ሳልናገር ማደር አቃተኝ።

የጋሽ ዋቁማን ጉልበት ሳሚልኝ። ፋዮን ጉንጮቿን፣ ትንሹን ለሜሳን ግንባሩን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ ዙለይሃ ዱዓ አድርጉልኝ ብላለች በያቸው፤ ለምን ቢሉሽ አትንገሪያቸው። አንቺም ጸልዪልኝ።

እህትሽ ዘመናይ
ክሪስታል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.