ስም የሌለበት ፊርማ

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ባለፈው ስልክ ላይ ድምፅህ ታፍኖ ነበር። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ሰላም በይልኝ ግን አላለችም፤ ልዋሽህ አልፈልግም።

የሰበሰብካቸው የዝነኞች ፊርማዎች ጨረታ ትናንት አለቀ። በስልክ "እንዴት ነበር?" ስትለኝ "ደህና" ብዬ የዘጋሁት የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። ስልክ ላይ ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ። መጻፍ ይሻለኛል። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ጽሕፈቴ ቢበላሽም ታነበው የለ?

አንተ የላክኸው አጫራች መጀመሪያ ቤት የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ማጉያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ዕቃህ ያለበት ክፍል ሲገባ "እንዴ፣ እዚህ ቤት ቀን የለም እንዴ?" አለ። እማዬ መብራቱን አበራችለት። አንተ ከሄድክ ጀምሮ የዚያ ክፍል መጋረጃ ተከፍቶ አያውቅም፤ ፀሐይ ቀለም ይበላል ብለሃታላ። ልብስ የምትተኩሰውም እዚያው በመብራት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትተህላት በሄድከው ለስላሳ ብሩሽ አልበሞቹን፣ ኳሶቹን፣ የቦክሰኞቹን ጓንት አንድ በአንድ ታራግፋለች። እየተራገመች ታራግፋለች፣ ግን ታራግፋለች። አንድ ቀን "ለምን ትደክሚያለሽ?" ብላት "ሊወስደው ሲመጣ አቧራ አለበት እንዳይለኝ" አለችኝ።

እኔም "ሲመጣ" ነበር የምለው። ሰው ልጁን ትቶ ይቀር ይሆናል፤ የበረኛውን የሙጫውን ፎቶ ትቶ ግን አይቀርም ብዬ ነበር።

አጫራቹ ፊርማዎቹን ሁለት ቦታ ይከምር ጀመር። ንጹሖቹን ጠረጴዛው ላይ፣ "ለእገሌ" የሚል የተጻፈባቸውን ወለሉ ላይ። እማዬ ምክንያቱን ጠየቀችው። "ስም ያለበት አይፈለግም እመቤቴ። የሰው ስም ግድግዳው ላይ ማን ይሰቅላል?" አላት። እኔ ግን ቀድሞም አውቀው ነበር። ትዝ ይልሃል አይደል? ጡረታ የወጡት ሯጮችና ቦክሰኞች ቤት ይዘኸኝ ስትሄድ በር ላይ ቆመህ ቀሚሴን እያስተካከልክ "ስምሽን ቢጠይቁሽ እንዳትናገሪ። አንገትሽን ድፊ" ትለኝ ነበር። ሕፃን ልጅ ሲለምናቸው እምቢ አይሉም፣ ስሜን ካወቁ ደግሞ ይጽፉታል፤ ከጻፉት ተበላሸ። እነሱ "ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?" ይላሉ፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ አንተ "ዓይን አፋር ናት" ትላለህ። መጀመሪያ ላይ አልነበርኩም አባዬ። በኋላ ነው የሆንኩት።

ያልሆነልህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በረኛው፣ ኳስ እጁ ላይ ስለሚጣበቅ ሙጫው የሚሉት፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነበር። አየር ላይ ተንሳፍፎ ኳስ የያዘበትን አሮጌ ፎቶ አልጋው ላይ አስቀመጥክለት። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሀል ያደረግኩለት እኔ ነኝ።

"ለማን ልበል?" አለኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

"ዓይን አፋር ናት" አልክ።

"ትሁና! ሰው እኮ ስም አለው። እኔ ግብ ሲገባብኝ እንኳ ማን እንዳገባብኝ ሳልጠይቅ አልወጣም ነበር። ነይ፣ ጆሮዬ ሥር ንገሪኝ፤ እሱ አይሰማም።"

ነገርኩት። ረጅም ሰዓት ወስዶ ጻፈው፤ የእኔን ስም ከራሱ ስም አስበልጦ ጻፈው። አንተ ደረጃው ላይ "አበላሸሽው" አልከኝ። በሳምንቱ መሞቱን በሬዲዮ ስትሰማ ግን "እንኳን በጊዜ ደረስን" ብለህ ሳቅ አልክ።

አጫራቹ ያንን ፎቶ ሲያገኝ አፉን ከፈተ። "ይኸማ የሁሉም አለቃ ነው! ምነው ይህቺ ስም ባልኖረች። የማን ናት?"

አንገቴን ደፋሁ። እማዬ ካውያውን አቁማ "የሷ ናት፤ ልጁ ናት" አለች።

ሰውዬው አፈረ መሰለኝ። ደወለልህ። ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አድርጎት ስለነበር ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። እሱ "ስሟ ከታች ጠርዝ ላይ ስለሆነ ቢቆረጥ አይታወቅም፣ ግን የልጅዎ ስም ስለሆነ ልጠይቅዎ ብዬ ነው" አለህ። አንተ ሳትቆይ "ቁረጠው" አልክ። ከኋላህ ሕፃን ያለቅስ ነበር። በማግስቱ ስትደውል የማን ልጅ እንደሆነ ብጠይቅህ "የጎረቤት ነው" አልከኝ። የጎረቤትህ ልጅ ብዙ ያለቅሳል አባዬ። በደወልክ ቁጥር እዚያው ነው።

በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ በብረት ማስመሪያና በምላጭ ቆረጠው። እማዬ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች። የተቆረጠችውን ቅዳጅ እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ "ይቺ ያንቺ ናት፤ አትሸጥም" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

ዕቃውን ጨረታው ቤት ያደረሰልን የምሠራበት ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ዘንድ ቁልፍ እንደምሰፋ ነግሬህ ነበር። ካርቶኖቹን ሲጭን "ይህ ሁሉ ዝነኛ አንድ ክፍል ውስጥ ሲኖር ኪራይ አይከፍልም ነበር?" ብሎ ቀለደ። እማዬ "እኔ ከፈልኩላቸው" አለችው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ስንት እንዳወጣ አልነግርህም፤ ገንዘቡ በቀጥታ ወዳንተ ስለሚላክ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሰው እጁን ሲያወጣ፣ መዶሻው ሲመታ፣ የማውቃቸው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየተሸጡ ሄዱ። ሙጫውን የገዛው ኮፍያ ያደረገ ወጣት ነው። ፎቶውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና ለጓደኛው "አየህ? ንጹህ ነው። ምንም አልተነካ" አለው። እኔ ኋላው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ቅዳጇ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ተነስቼ መናገር እችል ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ቤት ስንገባ እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ሄዳ መጋረጃውን ከፈተችው። ግድግዳው ክፈፎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አዲስ ነው፣ ሌላው ቢጫ ሆኗል። በዚያ መስኮት የጎረቤት የልብስ ገመድ ይታያል ለካ። ትንሽ አየችና "ብሩሹንም ወሰዱት?" አለችኝ። "አይ፣ ይኸው" ብዬ ሰጠኋት። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ካውያውን ሰካች።

ዕቃህን ልትወስድ ትመጣለህ ብዬ ከእንግዲህ አልጠብቅም። የቀረ ዕቃ የለህም።

ራስህን ከብርድ ጠብቅ፤ ደረትህ ደካማ ነው። እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። የጎረቤትህንም ልጅ ያሳድግላችሁ፤ ስሙን ማን እንዳላችሁት አልነገርከኝም። አፉን ሲፈታና ሰዎች ስምህ ማነው ሲሉት፣ ጮክ ብሎ እንዲናገር ተወው።

የእኔን ስም እዚህ ላይ አልጻፍኩም። ፊርማ ብቻ ነው ያደረግኩበት፤ ንጹህ ነው።