ጤነኛ ነው ተብሎ ስለተመሰከረለት ኮት

ለተከበሩ የፊልም ሥራ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም «ቀጠሮ ይዘዋል ወይ?» እያለች በትሕትና ከደጅ የምትመልሰኝ ጸሐፊዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተሟላ፣ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሽዎ የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ በየሳምንቱም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ከባለቤቴ ጋር ፊልም የምገባ ሰው ነኝ። ድርጅትዎ ላለፉት ሦስት ዓመታት የመሪ ተዋናዩን ልብስ እኔ ዘንድ ሲያሰፋ ስለቆየ፣ ስሜን ባያውቁትም ስፌቴን በትልቁ ስክሪን ላይ አይተውታል ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ጋዜጣ የመጣሁት በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች እስካሁን መልስ ስላላገኙ ነው። ጉዳዬ አጭር ነው። ሕዝቡ «ዳኛው» እያለ የሚጠራው መሪ ተዋናይዎ ታሟል፤ በጣም ታሟል። እርስዎ ግን ሰኞ በሚጀመረው አምስተኛ ፊልም ካሜራ ፊት እንዲቆም አዘዋል። ሐኪም ያዘዘለት የሦስት ወር እረፍት ይሰጠው ዘንድ እለምናለሁ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ፣ አንቱ ስለውም ስለሚያኮርፍ፣ በዚህ ደብዳቤ «እሱ» እያልሁ ብጠራው ንቀት እንዳይመስልብኝ። ወደ ልመናዬ ከመግባቴ በፊት፣ ከፊልም ወዳጅ ወግ እንዳልወጣ፣ ስለ አራቱ ፊልሞች ያለኝን አስተያየትና ምስጋና በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ቅጽል ስሙን ስላተረፈለት ስለ ዳኛው ፊልም። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጠፋ የተባለው ማስረጃ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ኪስ ውስጥ እንዴት እንደተገኘ እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ነገር ግን ዳኛው የፍርድ ቤቱን ረጅም ደረጃ ካሜራው አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ ወጥቶ፣ ላይ ሲደርስ የተከሳሹን እናት ዓይን ዓይናቸውን እያየ ሲያነጋግራቸው፣ አዳራሹ ውስጥ ያስነጠሰ እንኳ አልነበረም። የዚያን ኮት ልክ የወሰድሁት ራሴ ነኝ። ደረቱ መቶ ስድስት ሴንቲ ነበር። እጅህን ዘርግተህ ቁም ብለው ቀልድ እያወራ አልቆም ብሎኝ፣ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ለዚህ ፊልም የማቀርበው ምስጋና ነገር የለበትም፤ እንዳለ ይቀበሉኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ከባድ መኪና ሹፌሩ ፊልም። በዚህኛው ዳኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ነው የሚታየው፤ መሪ ይዞ ይቀመጣል፣ ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ ሲጣላ ይቀመጣል፣ ሲታረቅም ይቀመጣል። ጋዜጦቹ «የረጋ ትወና» ብለው አወደሱት። እኔም ከሲኒማ ቤቱ ስንወጣ ለባለቤቴ መንገዱን ሙሉ፣ ከወንበሩ የማይነሳ ጀግና መፍጠር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ሳስተምራት ነበር። እሷ፣ ግማሹን ፊልም ተኝታ የምታሳልፈው ሴት፣ «ሰውየው መነሳት አቅቶት ነው እንጂ» አለችኝ። ጥበብ አልገባሽም ብዬ ተቆጣኋት። በማግስቱ የልብስ ክፍል ኃላፊዎ የዳኛውን ሱሪዎች ወገባቸው ዘጠኝ ሴንቲ እንዲጠብ ልከውልኝ፣ «ለሚናው ሲል ቀንሶ ነው» አሉኝ። አመንኋቸው። የአንድን ሰው የደከመ ጉልበት ለጥበብ ስላዋላችሁልን፣ እኔንም ሚስቴ ፊት ስላዋረዳችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ባለጸጋው አፍቃሪ ፊልም። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ይልቅ ራሴን እከስሳለሁ። ፊልሙ የሚካሄደው በበጋ፣ በሐይቅ ዳር ነው። ፍቅረኛው ትከሻዋን ገልጣለች፤ አስተናጋጆቹ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ዳኛው ብቻ ኮት፣ የአንገት ልብስና ኮፍያ አድርጎ ላብ በላብ ሆኗል። ደራሲው ይህን ያደረጉት ሰውየው ምስጢረኛ ስለሆነ ነው ይላሉ። ምስጢሩን የማውቀው እኔ ነኝ። ኃላፊዎ ኮቱን መልሰው አምጥተው «ሰውነቱን ሙላው» አሉኝ፤ ሞላሁት። ትከሻው ላይ አራት ጣት ስፖንጅ፣ ደረቱ ላይ ድርብርብ ጥጥ፣ እጅጌው ላይ ሦስት ገበር አድርጌ ለአንድ ሳምንት ስጠበብበት ሰነበትሁ። ሲለካው የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጫፍ ይዞ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ከውስጥ አጥብቀህ ያዝልኝ፤ ስራመድ እየቀደመኝ ነው» አለኝ። ተሳሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ተረት ስሰማ ያደግሁ ሰው፣ አብሬ ሳቅሁ።

ይባስ ብሎ፣ ፊልሙ በታየ ዕለት ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ «አምሮበታል እኮ፤ ወፈር ብሏል» ስትል፣ ዞሬ እጇን ልጨብጣት ምንም አልቀረኝም። ሙያ በልብ ነው ቢባልም፣ በዚያ ምሽት የሠላሳ አንድ ዓመት ሙያዬ ልቤ ውስጥ አልያዝ ብሎኝ ነበር። የሰፋሁት ልብስ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የታመመ ሰው መደበቂያ ነው የሰፋሁት። ይህንንም በማንም አላላክክም።

አራተኛ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ፊልም። ዳኛው ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ውስጥ ፊቱን ያየነው፣ በባለቤቴ የእጅ ሰዓት፣ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ ያየነው የአንድ ወጣት ጀርባ ነው። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ እሱም እንጀራው ነው፤ የእሱንም ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ድምፁም የዳኛው አይደለም። ራሷን የሳተችውን ተማሪ ታቅፈው የሚሮጡት ክንዶችም የእሱ አይደሉም። መጨረሻ ላይ ግን ወደ እኛ ዞሮ ለተማሪዎቹ የስንብት ንግግር ያደርጋል፤ ያን ጊዜ አንገቱና ኮሌታው መካከል ሁለት ጣቶቼ እንደሚገቡ ከአሥራ አራተኛው ረድፍ ሆኜ አየሁ። ባለቤቴ ስታለቅስ «ፊልም እኮ ነው» አልኋት። «ኮሌታውን እያየሁ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥበብ አስተምሬያት አላውቅም። ርዕሰ መምህሩን ግን፣ እንደ ፊልም ተመልካች ከጠየቁኝ፣ ከአራቱም አስበልጣለሁ፤ ያቺ የአሥራ አንድ ደቂቃ ትወና በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ትበልጣለች፤ ሁለተኛ እንዳላያትም እመኛለሁ።

አምስተኛውና ዋናው ምስጋናዬ ስለ ድርጅትዎ ሐኪም ነው። ባለፈው ማክሰኞ የዳኛው ታላቅ እኅት ወደ ሱቄ መጡ። የሆስፒታሉ ሐኪም ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ እንዳይነሳ የጻፈለትን ወረቀት ቢሮዎ አስገብተው ነበር። ቢሮዎም በደንቡ መሠረት የሚጸናው የድርጅቱ ሐኪም የምስክር ወረቀት ብቻ እንደሆነ አስረዳቸው፤ ደንብ ደንብ ነው። የድርጅቱ ሐኪም ደግሞ ሥራ ስለበዛባቸው በሽተኛውን በአካል ለማየት አልተመቻቸውም፤ ስለዚህ በቅርቡ የተነሳው ፎቶግራፍ እንዲላክላቸው ጠየቁ። የማስታወቂያ ክፍልዎም ካለው ሁሉ ያማረውን፣ የሐይቅ ዳሩን ፊልም ፖስተር ላከላቸው። ሐኪሙ ያንን አይተው «ትከሻው የሰፋ፣ ደረቱ የሞላ፣ ለሥራ ብቁ» ብለው ጻፉ፤ ማኅተምም አረፈበት። እኅቱ ይህንን ሲያነቡልኝ፣ ደግመው እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው።

ክቡር ሆይ፣ ያ ደረት የእኔ ጥጥ ነው። ያ ትከሻ የእኔ ስፖንጅ ነው። እስካሁን ከእጄ የወጣ ልብስ ሠርግ ላይ ተሞግሷል፣ አንዳንዴም በጠበበ ጊዜ ተሰድቧል፤ ጤነኛ ተብሎ ማኅተም የተመታለት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ክብር ሐኪሙን እጅ እነሳለሁ። በዚያው ዕለት ከእኅቱ ጋር ቤቱ ድረስ ሄጄ ልኩን በድጋሚ ወሰድሁ። መነሳት ስላልቻለ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥነው፤ ክንዱን እሳቸው ደግፈው ያዙልኝ። ደረቱ ሰማንያ አምስት ሴንቲ ነው። ሜትሩን በትክክል እንዳላነበብሁ መስሎኝ ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት፤ ሰማንያ አምስት ነው። መነጽሬን የምጠርግ መሰልሁ።

ራሱ ለምን እምቢ አይልም ይሉኝ ይሆናል። እኅቱም ይህንኑ ስጠይቃቸው፣ «እምቢ ማለት መች ያውቅበታል፤ ያለ አንተ ፊልሙ አይታሰብም፣ ሰባ ሰው እቤቱ ይውላል ብለውታል» አሉኝ። ሰባውን ሰው በየስማቸው ያውቃቸዋል፤ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደገባ፣ የማን እናት እንደታመሙ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ማሰር እንደሚቻል ማወቅዎ፣ ሥራ አስኪያጅነት ለእርስዎ በዋዛ እንዳልተሰጠ ያሳያል።

ስለዚህ በሕግ ፊትም ሆነ በሕዝብ ፊት የምመሰክረው ይህን ነው፦ የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው ለሰው ሳይሆን ለኮት ነው። ኮቱን የልብስ ክፍልዎ ለአምስተኛው ፊልም እንዳድሰው መልሶ ስለላከልኝ፣ ገበሩን ተርትሬ፣ ስፖንጁና ጥጡ እንደተገለጠ የሱቄ መስኮት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሁለቱን የልክ ወረቀቶች፣ የመቶ ስድስቱንና የሰማንያ አምስቱን፣ ከጎኑ ለጥፌአለሁ። የድርጅትዎ ሐኪም በአካል መጥተው ሊመረምሩት ቢፈልጉ፣ ኮቱ ቀጠሮ አይጠይቃቸውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለት መንገድ ተሻግረው ሰውየውን ቢያዩልኝ፣ የፈቀዱትን ሙሉ ልብስ ያለ አንዳች ስህተት እሰፋላቸዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልባል ነው እስከ ሰኞ ቀን ሳለ መጮሄ።

ትዕግሥትዎ ስለፈቀደልኝ ሁሉ እያመሰገንሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ለእርስዎ፣ ሦስት ወር ብቻ ለእሱ እየለመንሁ እሰናበታለሁ።

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
ሐኪምዎ ያደነቁት ደረት ባለቤት፣
ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ያለው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ዐርብ ደብዳቤውን ይዤ ስደርስ የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ታትሞ አልቆ ስለነበር፣ የሚቀጥለው እስኪወጣ ይህን ለመጨመር ጊዜ አገኘሁ። ዳኛው ሰኞ ጠዋት ቀረጻው በተጀመረ በሁለተኛው ሰዓት ወደቀ፤ ረቡዕ ከቀትር በፊት እኅቱ እጁን እንደያዙት አረፈ። ሐሙስ ቀብረነው ስመለስ የድርጅትዎ መልእክተኛ የሱቄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በቅድሚያ አጽናናኝ፤ ከዚያ የትእዛዝ ወረቀት ሰጠኝ። የአምስተኛው ፊልም ልብስ በወጣቱ ልክ ብቻ ተሰፍቶ ለቅዳሜ እንዲደርስ፣ ቀረጻውም ከጀርባ እንደሚቀጥል፣ ሰባውም ሰው ሥራው ላይ እንዳለ ይገልጻል። ወረቀቱን ሳልፈርምበት መልሻለሁ፤ ሌላ ልብስ ሰፊ አይጠፋም። ያለ እሱ አይታሰብም ያሉት ፊልም ያለ እሱ ለመታሰብ አንድ ቀን በቃው። እኛ የለመንዎት ሦስት ወር ነበር።